በመርፌ የተወጋ ንግግር

ባቡሩ የመጨረሻውን ጥምዝ ታጥፎ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ አንባቢው የቆዳ ቱቦውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሁለት እጁ እንደያዘው ነበር። ከቱቦው ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እንደራሴው ጠላት ካቃጠለው ድልድይ ዳር ቆሞ የተናገረው፣ ጋዜጣ ሁሉ ያተመው፣ «የድልድዩ ንግግር» እየተባለ በየሻይ ቤቱ የሚወራለት ንግግር ነው። ያን ጊዜ ድምፅን በአየር የሚያሻግር መሣሪያ ገና አልመጣም። የመንግሥት ቃል ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው በሰው ጉሮሮ ነበር፤ የጉሮሮው ባለቤትም «የአደባባይ አንባቢ» ይባላል። ሰማያዊ ካፖርት ይለብሳል፣ ደረቱ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ የተቀረጸበት የነሐስ ምልክት ያንጠለጥላል፣ ጉንፋን ከያዘው ደግሞ እንደ ሹም ይታዘንለታል።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ተቆጣጣሪው ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ፣ ገና ሪዙ በቅጡ ያልሞላ ሰው። ሥራው ቀላል ነው። አንባቢው ሲያነብ እሱ ግልባጩን ይዞ በእርሳስ ይከተላል። ቃል የጨመረ፣ ቃል የዘለለ ወይም ቃል የለወጠ አንባቢ ከመድረኩ ወርዶ የሚገባው ወህኒ ነው።

«ነገ የገዛ ከተማዎ ነው አይደል ጋሼ?» አለ ተቆጣጣሪው መነጽሩን እየጠረገ።

«ነው።»

«በሰው አገር እንዲያ ያደረጉ፣ በራስዎ አገር ምን ሊያደርጉ ነው! እስካሁን ያየሁትን እኮ ለሰው ባወራ የሚያምነኝ የለም። ወጣቱ ጠረጴዛው ላይ ተረባርቦ ነው የፈረመው። ነገ ጠረጴዛ ሁለት ይሁን እንዴ?»

«አንድ ይበቃል» አለ አንባቢው።

ለጊዜው ወደ ጦር ሜዳ የሚኬደው በፈቃድ ነበር። ንግግሩ ይነበባል፣ ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ይቀመጣል፣ ልቡ የተነሣ ይፈርማል፣ የፈረመ በማግስቱ ባቡር ይሳፈራል። አንባቢው በየከተማው የፈረሙትን ልጆች ፊት አይቷል። የሚያበራ ፊት ነው፤ እሱ ያበራው። መጀመሪያ ሰሞን ያኮራው ነበር። ከዚያ ቁስለኛ የጫኑ የሕክምና ባቡሮች በወዲያኛው ሐዲድ መምጣት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ በመስኮት ማየት ትቷል።

«ትንፋሽ ተቀባይዎስ?» ሲል ጠየቀ ተቆጣጣሪው ድንገት። «ደንቡ አንባቢ በገዛ ከተማው ሲያነብ ተቀባይ ይኑረው ይላል።»

የአንባቢዎች ወግ ነው፤ ከደንቡ በፊትም ነበረ። አንባቢ በንባብ መሃል ድምፁ ቢከዳው፣ እሱ ያሠለጠነው ሰው ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ መዳፉን ጀርባው ላይ ያሳርፍና «ተቀበልኩ» ይላል። አንባቢው ወረቀቱን ያስረክባል፤ ተቀባዩ እስኪጨርስ ድረስም አፉን አይከፍትም። እንዲያ ከሆነ ክብሩ አይነካም፣ ትንፋሹን ልጁ ወይም ደቀ መዝሙሩ ተቀብሎታልና። የሚቀበለው ሰው ከጠፋ ግን የነሐሱን ምልክት እዚያው፣ ሕዝብ ፊት፣ ከደረቱ ይነቅሉታል።

«ልጄን አሠልጥኜው ነበር» አለ አንባቢው። «አሁን አናጢ ሆኗል። ከተማ ውስጥም ያለ አይመስለኝም።»

«አይ፣ ለእርስዎ እንኳ አያስፈልግም» አለ ተቆጣጣሪው፣ ከልቡ ነው። «የእርስዎ ድምፅ ማንን ይከዳል?»

*

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከተማው «እትዬ መርፌ» ይላታል። ግማሹ ለሙያዋ ነው፣ ግማሹ ለምላሷ።

«ከሳህ» አለችው።

«ልጁስ?»

«ሳንቃ እንዲያመጣ ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ላክሁት። አሠሪውን እኔው ራሴ ለምኜ ነው ያስላክሁት። ከነገ ወዲያ ነው የሚመለሰው። እጅህን ታጠብና ብላ፣ ከዚያ የምነግርህ አለ።»

በልቶ ሳይጨርስ ነገረችው። ልጁን ሁለቱም ድንቢጥ ይሉታል፤ ሲወለድ ድምፁ ቀጭን ነበርና። አሁን ትከሻው በር ይሞላል፣ ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ። የልጁን አልጋ ስታነጥፍ ጋዜጣውን ከፍራሹ ሥር አግኝታዋለች።

«በቃሉ ይዞታል» አለች። «መጋዙን እየሳበ ይለዋል። ብቻውን የሆነ ሲመስለው ያነበንበዋል። አንተ ባስተማርከው አነባበብ ነው የሚለው፣ ትንፋሹን እየለካ! እኔ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ከግድግዳው ወዲህ እሰማዋለሁ።»

«እና ለምን አልፈረመም?»

«ጋዜጣ ጋዜጣ ነው። ከአንተ አፍ ከሰማው ግን አለቀ፤ ለዚህ ነው ያራቅሁት። ግን አስበው እስቲ፣ እሱን ብናርቀው ጓደኞቹስ? የአንጥረኛው ልጅ፣ የደብዳቤ አመላላሹ ልጅ፣ እነዚያ መንትዮቹ? እነሱ ነገ ፈርመው ከሄዱ፣ እሱ ተመልሶ ባዶ ከተማ ውስጥ ሳንቃ ሲላግ የሚቀመጥ መሰለህ? በሚቀጥለው ባቡር ይከተላቸዋል።»

አንባቢው ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህን እሱም ባቡሩ ውስጥ አስቦታል፤ አስቦ አስቦ መላው ጠፍቶት ነው የመጣው።

«ቃል መለወጥ አልችልም» አለ። «ተቆጣጣሪው እንደ ጥላ ነው የሚከተለኝ።»

«ቃል ለውጥ ማን አለህ? እኔ ከአንተ ጋር ስኖር አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ሰው የሚነሣው በቃሉ አይደለም፣ በአነባበቡ... ምን ነበር የምትሉት? በአተነፋፈሱ ነው። ያ መነጽራም ቃል ይከተላል። ትንፋሽ ይከተላል?»

አንባቢው ቀና ብሎ አያት።

«አይከተልም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው አምጣው ያንን ወረቀት። ይሄ ሰውዬ ምን እንዳደረገን ፈተን እንየው።»

የመስፊያ ጠረጴዛዋን ጨርቅ ጠራርጋ ወረቀቱን ዘረጉት። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ወረቀቱ ላይ ተኝቷል፤ መንገድ ላይ የጋሪ መንኮራኩር ያልፋል። እንዲህ ሆነው ስንቱን ንግግር አጥንተዋል! መስመር በመስመር፣ ሰው በምን እንደሚነሣ እየፈቱ። የአንባቢዎች አሠራር ነው፦ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ወረቀቱ በመርፌ ይወጋል። ፀሐይ ዓይን ቢያጠፋ፣ ሕዝብ ቢጮህ፣ ጣት ከሥር ቀዳዳዋን ትዳስሳለች፣ ሳንባም ይታዘዛል። የእሱን ወረቀቶች ሁሉ የወጋችው እሷ ናት፤ አንዲት ቀዳዳ ስታ አታውቅም። የዚህን ንግግር ግን አሮጌውን ወረቀት ዝናብ አበላሽቶት፣ ይህ አዲስ የተሰጠው ነው። ገና ምንም አልተወጋም።

«ጀምር» አለች።

አነበበ፣ በለሆሳስ። «ወገኖቼ! ላዝዛችሁ አልመጣሁም፤ ልጠይቃችሁ መጥቻለሁ።»

«ኧረ ይሄ ትሑት!» አለች። «እንደራሴ ሲጠይቅ እምቢ ይባላል እንዴ?»

«እሱ ነው ሙያው። ሰው ትእዛዝ ሲሰማ ክንዱን ያጥፋል። ጥያቄ ነው ስትዪው ክንዱን ይፈታል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ስሚ። ድልድዩን የሠራው ማን ነው? እናንተ። በድልድዩ የተሻገረው ማን ነው? እናንተ። ድልድዩ ሲቃጠል የት ነበርን?»

«ለሦስተኛው መልስ የለውም።»

«የለውም! ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ራሱ መለሰ። ሰው ሁለቴ ከመለሰ ሦስተኛውን ሳይጠሩት ይመልሳል፣ አፉ ለምዷል። ሦስተኛው ላይ ግን መልስ ነሣቸው። አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። እዚያ ክፍት አፍ ውስጥ ነው ሐፍረቱ የሚገባው። ደግሞ እይው፣ ምስጋናው ጊዜ ‹እናንተ› ነው፤ ሐፍረቱ ሲመጣ ‹ነበርን› ብሎ ገብቶ አብሯቸው ተቀመጠ።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለች ሚስቱ። «እሱ ራሱ ያን ቀን የት ነበር? ጺሙን ሲያስከረክም ነበር አሉ።»

«እሱን ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ራሱን ሲጠይቅ ነው የሚውለው።»

ሁለቱም አደነቁት። እውነት ለመናገር ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ባልና ሚስቱም የጥሩ ሥራ ነገር አይሆንላቸውም። እሷ የጠላቷን ካፖርት ስፌት ሳትገለብጥ አታልፍም፤ እሱም እንደዚያው።

«እዚህ ጋ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ» አለች ጣቷን ወደ ታች እየሳበች። «እናት ልጇን ታቆማለች፤ ልጅ አገሩን ያቆማል፤ አገር እናትን ታቆማለች። ይሄን ስሰማ እኔም ራሴ ልፈርም ይቃጣኛል፣ ምን እንዳደረገኝ አላውቅም።»

«ሰንሰለት ነው። የአንዱ ጅራት የሌላው ራስ ነው፤ ከእናት ተነሥቶ ዞሮ እናት ላይ ይገጥማል። በአንድ ትንፋሽ ሲነበብ ‹ግን› የሚባል ነገር የሚገባበት ስንጥቅ የለውም። ልጁ አገር ሲያቆም ቢወድቅስ፣ እናቲቱን ማን ያቆማል? ይህን ለመጠየቅ መሃሉ ላይ መቆም አለብሽ። እሱ አያቆምሽም።»

«አንተ ታቆመኛለህ» አለች።

«እኔ አቆምሻለሁ።»

መጨረሻው ቀረ። አንባቢው ወረቀቱን ሳያይ አለው፦ «ሂዱ አልላችሁም። እኔ እሄዳለሁ። ማን ይከተለኛል?»

«አልሄደም አይደል?»

«እግሩን ሪህ ይዞታል። ሁሉም ያውቃል። ግን ልብ በይ፣ ከቃሉ ይልቅ ያቺ ‹እኔ› ናት ተንኮሉ። ባዶ ወንበር ናት። ማንም ያንብባት ማን፣ የተቀመጠባት ሰው ይሞላታል። እኔ ሽማግሌው ሳነባት የእንደራሴው ሆና ትቀራለች፤ እንደምንም ብዬ ነው ነፍስ የምዘራባት። ወጣት ቢላት ግን አለቀ፣ የራሱ ትሆናለች።»

ይህን ሲል እንደ አስተማሪ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልታሰበውም። እሷም አላሰበችውም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ጉድጓዱን በጣቱ አሳይቶ በእግሩ ይሄድበታል።

ከዚያ መርፌዋን አነሣች። እሱ «እዚህ» ይላል፣ እሷ ትወጋለች። ግን ሁሉም ቦታ ስሕተት ነው። «ድልድዩን የሠራው» ካለ በኋላ ትንፋሽ። «ማን ነው እናንተ በድልድዩ» በአንድ ላይ። ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ ተበጠሰ፣ ከዚያም ደግሞ ተበጠሰ። አንድም ቃል ሳይነካ፣ የደህና ካፖርት እጅጌ ኪሱ ላይ እንደተሰፋ ሆነ። ሁለቱ በመሃል ሳቅ አፈናቸው፤ እንዲህ ዓይነት መጥፎ ሥራ በሕይወታቸው ሠርተው አያውቁም።

ሳቁ ሲያልቅ አንባቢው ደረቱ ላይ ያለውን ነሐስ ዳሰሰ።

«ስሜን ነገ ልቀብረው ነው» አለ። «በገዛ ከተማዬ።»

«የተቀደደ ስም እሰፋለሁ» አለችው። «የተቀደደ ልጅ መስፋት አልችልም።»

*

በማግስቱ ረፋድ ላይ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ አዲስ ነው፤ ሳንቃው ገና ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የሠራው ድንቢጥ ነው፣ ወደ መሰንጠቂያው ሳይሄድ በፊት። አንባቢው ሲወጣበት እግሩ ሥር ሳንቃው ጭጭ አለ፤ ጥሩ አናጢ መሆኑን በልቡ መሰከረለት። ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛው፣ ቀለሙና ከበሮ መቺው ተሰናድተዋል። ተቆጣጣሪው እርሳሱን ቀርጾ ግልባጩን ዘርግቷል። እትዬ መርፌ ከገበያ ሴቶቹ መሃል ቆማለች፤ ባልና ሚስቱ አልተያዩም።

አንባቢው ጀመረ።

ወይ ጉድ! ያ በሌላ አገር ድንጋይ ያነሣል የተባለ ድምፅ እንደ ሰነፍ በቅሎ ይጎተት ጀመር። «ድልድዩን የሠራው...» ብሎ ቆመ፤ ጣቱ ቀዳዳዋን ዳስሳ ትንፋሽ ወሰደ። «ማን ነው እናንተ በድልድዩ...» ብሎ ደግሞ ቆመ። ሰዉ መጀመሪያ በአክብሮት ጠበቀ። ከዚያ አንዱ አሳለ። ከዚያ አንዲት ሴት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከጎረቤቷ ጋር ጀመረች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ማንም አፉን አልከፈተም፤ የከፈቱት የሚያዛጉት ብቻ ናቸው።

«ጋሼ!» አለ ከኋላ አንድ ቀልደኛ፣ «የመድኃኒት ማዘዣ ነው እንዴ የሚያነቡት?»

ሰዉ ሳቀ። የአንጥረኛው ልጅም ሳቀ፤ መንትዮቹ ወደ ሻይ ቤቱ ማየት ጀመሩ። አንባቢው ፊቱ ጋለ፣ ጆሮው ሥር ላብ ወረደው። ቢሆንም ደስ አለው። ሐፍረትና ደስታ አብረው አንድ ደረት ውስጥ ሲገቡ ይጨንቃል፣ ግን ደስታው ይበልጥ ነበር። እየሠራ ነው! የእርሳሱ ጫፍ አንድ ስሕተት አላገኘችም፤ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ሰንሰለቱን ሁለቴ ከበጠሰ በኋላ የሚቀረው ያቺው መጨረሻ ናት።

«እናት ልጇን» አለ፣ ቆመም። «ታቆማለች ልጅ...» አለ፣ ደግሞ ቆመ።

ተቆጣጣሪው ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ሐዘን ነው ያለው። እርሳሱን አስቀመጠና ወደ መድረኩ ጠጋ ብሎ በዝቅታ፣ «ጋሼ፣ አሞዎታል?» አለ። «ድምፅዎ ከድቶዎታል። ይቅር ይበሉኝ፣ ደንቡ ግድ ይለኛል። ተቀባይ ካለ ይምጣ፤ ከሌለ ምልክቱን...»

አንባቢው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ስሙንማ ትናንት መስፊያ ጠረጴዛው ላይ ቀብሮታል። እጁን ወደ ነሐሱ ሰደደ።

ያን ጊዜ መዳፍ ጀርባው ላይ አረፈ። ሰፊ መዳፍ ነው፣ የሚሞቅ፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ አለው።

«ተቀበልኩ» አለ ድንቢጥ።

መሰንጠቂያው ዘንድ ሰምቷል። አባቱ ከስንት ዘመን በኋላ በገዛ ከተማው ሊያነብ መሆኑን ጋሪ ነጂ አውርቶለት፣ ሳንቃውን ጥሎ ሲሮጥ አድሯል። ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ አባቱ ሲሳቅበት ሰማ፤ ያ የሚኮራበት አባቱ፣ ድምፁ አርጅቶ! ምልክቱ ሊነቀል ሲል ግን አልቻለም። የተማረው ወግ ነው፣ ከልጅነቱ አንሥቶ ለዚህች ቀን ነው የሠለጠነው፤ በዚያ ላይ አባቱን ይወዳል።

አንባቢው ዞሮ አየው። በዓይኑ «ተው» አለው። ልጁ ግን ያየው የደከመ ሽማግሌ ዓይን ነው። ወረቀቱን ከእጁ ቀስ አድርጎ ወሰደ። ጣቱን ከሥር አሾልኮ ቀዳዳዎቹን ፈለገ፣ አገኛቸውም። ግንባሩ ቋጠሮ አወጣ፤ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ አባቱን አየ። ከዚያ ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አነሣ፤ በቃሉ ነውና የሚያውቀው።

«እናት ልጇን ታቆማለች፤ ልጅ አገሩን ያቆማል፤ አገር እናትን ታቆማለች።»

በአንድ ትንፋሽ። ሽንኩርት ሻጯ ወሬዋን አቋረጠች። ቀልደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። እትዬ መርፌ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ሌላ የምታደርገው አልነበራትምና። አንባቢው ትንፋሹን ሰጥቷልና አፉን መክፈት አይችልም፤ ቢከፍት ሁለቱም ወህኒ ናቸው። አጠገቡ ቆሞ ሰማ። እውነቱን መሸሸግ ምን ይጠቅማል፣ ኮራ። ከጉልበቱ እስከ ጉሮሮው ኮራ። የት ጋ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ጋ እንደሚዘገይ ሁሉንም ያውቃል፤ ያላስተማረውንም ጨምሮበታል። ከዚያ የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሆነ ትዝ አለውና ኩራቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

«ሂዱ አልላችሁም» አለ ድንቢጥ።

ቆመም። እዚህ ቦታ ላይ ሰው እስኪያሳል ጠብቅ ብሎ ያስተማረው አባቱ ነው። ማንም አላሳለም።

«እኔ እሄዳለሁ።»

አደባባዩ ሙሉ አየው። ጭቃ የለወሰ ቦት ጫማውን፣ ትከሻውን፣ ገና ያልደረቀ ላቡን። እንደራሴውን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ልጁም ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰማው፤ ጥቂት ደንገጥ አለ፣ ከዚያ ፊቱ አበራ። አንባቢው ያቺን ብርሃን ከየከተማው ያውቃታል።

«ማን ይከተለኛል?»

«እኔ!» አለ የአንጥረኛው ልጅ። ከዚያ መንትዮቹ። ከዚያ ማን ከማን ይለያል! ከበሮው ሳይመታ ጠረጴዛው ተከበበ።

*

«ልጁ ያነበበው የእንደራሴውን ቃል ነው» አለ አንባቢው ለተቆጣጣሪው፣ አደባባዩ ሲበተን። «የራሱን አይደለም። አንባቢ ባነበበው አይያዝም።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ተቆጣጣሪው። «ካልፈረመ እኔ አላስፈርመውም፣ ደንብም የለም። ግን እሱን ያናግሩት።»

አናገረው። ቤት ውስጥ፣ እናቱ ባለችበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ልጁም ሌላ አላለም።

«አባባ፣ እኔ እሄዳለሁ ብዬ እነሱን አስፈርሜ እኔ ልቅር? መንትዮቹን በምን ዓይኔ ልያቸው? እንደራሴውስ ሽማግሌ ነው። እኔ ምን ምክንያት አለኝ?»

ጥያቄዋን አንባቢው ያውቃታል። ያቺን ሦስተኛ ጥያቄ ትመስላለች።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው ላይ ብርድ ነበር። እትዬ መርፌ ሌሊቱን የድንቢጥን ካፖርት ቁልፎች በሙሉ ነቅላ እንደገና ሰፍታቸዋለች፤ አንዱም አልላላም ነበር፣ ዝም ብላ መቀመጥ ስላልቻለች ነው። ልጇን አቅፋ፣ አንገትጌውን አስተካክላ፣ «ጭቃ ላይ አትተኛ» አለችውና ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቆመች። አባትና ልጅ ባቡሩ በር ላይ ቀሩ።

«አባባ» አለ ድንቢጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወረቀቱን የወጋው ማን ነው?»

«እናትህ ናት።»

«እማማ ቀዳዳ አትስትም።»

ልጁ ወደ እናቱ አየ፣ ወደ አባቱ ተመለሰ፤ አባቱ አደባባይ ላይ እንዴት እንደተሳቀበት፣ ፊቱ እንዴት እንደጋለ፣ እጁን ወደ ነሐሱ እንዴት በፈቃዱ እንደሰደደ ሁሉ መጣለት። ገባው። ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

ልጁ አሰበበት። «አልሰማም ነበር» አለና በእንባው መሃል ሳቀ። አባቱም ሳቀ፣ እንደምንም።

ፊሽካ ተነፋ። ድንቢጥ ደረጃው ላይ ወጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ባነበበ ቁጥር የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችው፣ «ደረስኩ ወይ?» የምትል፤ አባቱም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው የሚሰጠው። መልሱ «ገና ነህ» ነው። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ተረት ያነበበ ጊዜም፣ ድምፁ የተለወጠ ጊዜም፣ መጋዝ የጨበጠ ጊዜም ገና ነህ ተብሏል።

«እሺ፣ የትናንቱስ?» አለ። «አሁንም ገና ነኝ?»

አንባቢው ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ያለ ንባብ ሰምቶ አያውቅም። ደርሰሃል፣ አልፈኸኛልም፣ የሚለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጣ። መልሶ ዋጠው።

«ገና ነህ» አለው። «ብዙ ይቀርሃል። ተመልሰህ ትማራለህ።»

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ከአባቱ ላይ አልነቀለም። አባቱ ሲዋሽ ያውቃል፣ ድምፅ መለየት ያስተማረው እሱ ነዋ።

«እሺ አባባ» አለ። «ተመልሼ እማራለሁ።»

ባቡሩ ሄደ። እትዬ መርፌ መጥታ ከባሏ ጎን ቆመች፣ ሁለቱም ባዶውን ሐዲድ ያያሉ።

«ምን አልከው?»

«ገና ነህ አልኩት።»

ክንዱን ያዘችው። «ደግ አደረግህ» አለች።